ኪስ የምትገባ ትንሽ ሽጉጥ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

መልሱን መጀመሪያ ላስቀምጠውና ምክንያቱን ከዛ እንይ። አሜሪካ እየኖራችሁ ራሴን ልጠብቅበት ብላችሁ 22፣ 25 ወይም 32 ካሊበር (የጥይቱ ውፍረት ማለት ነው) የሆነች ኪስ የምትገባ ሽጉጥ ለመግዛት እያሰባችሁ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም፣ 25ቷን እንደውም ዛሬ አዲስ ሚገዛ ሰው ምን አስቦ እንደሆነ አይገባኝም። ሰው ብዙ ጊዜ ሚሰጠው ምክንያት "ጥይቷ ደካማ ናት" የሚል ነው፣ እሱ ግማሹ እውነት ነው፣ ትልቁ ጣጣ ግን ሽጉጧ ራሷ ላይ ነው ያለው፣ ለመያዝ የቀለለችውን ያህል ለመተኮስ ትከብዳለች። ከዛ ደሞ ህጉ አለ፣ በተለይ ሌሊት ኡበር ለሚነዳ፣ ነዳጅ ማደያና ስቶር ለሚሰራ ሀበሻ ህጉ ከሽጉጡም በላይ ነው፣ እሱ ጋ ስንደርስ ሰፋ አድርጌ እመጣበታለሁ።

እነዚህ ትንንሽ ጥይቶች አብዛኞቹ የአንድ ሰው ስራ ናቸው፣ ጆን ብራውኒንግ ይባላል፣ አሜሪካዊ ነው ግን ብዙ ሽጉጦቹን ያሰራው ቤልጂየም ኤፍ ኤን ፋብሪካ ነው። 32ቱ በ1899፣ 25ቷ በ1905፣ 380 ደሞ በ1908 ነው የወጡት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማወራው፣ ከዚህ በኋላም እንደዛው። አውሮፓ ውስጥ 6.35፣ 7.65 እና 9 አጭር እያሉ በሚሊሜትር ይጠሯቸዋል፣ ስለዚ አንድ ያረጀ ሽጉጥ ላይ 6.35 የሚል ፅሁፍ ካያችሁ ያው 25 ካሊበር ናት። 22ቷ ከሁሉም ትቀድማለች፣ በ1887 ነው የመጣችው፣ እስካሁንም በርካሽነቷ የሚወዳደራት የለም። ክብደቱን ለመገመት ያህል፣ አገር ቤት ብዙ ሰው የሚያውቀው ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም ገደማ ነው፣ ኬል ቴክ ፒ 32 የምትባለው የአሜሪካ ሽጉጥ ግን ባዶዋን 190 ግራም እንኳን አትሞላም፣ ካርታዋ ላይ፣ ጥይት የሚታጨቅበት ማለት ነው፣ ደሞ 7 ጥይት ትይዛለች። ሱሪ ኪስ ከትተሃት ቀኑን ሙሉ ስትዞር ትረሳታለህ ማለት ነው፣ የመረሳቷ ነገር በኋላ ችግርም ይሆናል።

ወደ ጉልበቱ ስንመጣ፣ 25 ካሊበር ከአፈሙዝ ስትወጣ 90 ጁል ገደማ አላት፣ 22ም ከአጭር ሽጉጥ ሲተኮስ እዛው አካባቢ ነው፣ 32 ወደ 170፣ 380 ወደ 260 ይደርሳሉ፣ የተለመደው 9 ሚሊ ደሞ 450 አካባቢ። በቁጥር ካየነው 25ቷ የ9 ሚሊን አንድ አምስተኛ ብቻ ናት። ግን ቁጥሩን ብቻ ማየት ያሳስታል፣ ምክንያቱም የትኛውም የሽጉጥ ጥይት ሰውን ገፍቶ አይጥልም፣ ፊልም ላይ ብቻ ነው እንደዛ የሚሆነው። ሰውን የሚያስቆመው ጥይቱ የት ገባ፣ ምን ያህል ጠለቀ የሚለው ነው። ይሄ ነገር በደንብ የተጠናው በሚያዝያ 1986 ማያሚ ውስጥ ኤፍ ቢ አይ ከሁለት ዘራፊዎች ጋር ከተታኮሰ በኋላ ነው፣ ሁለት ወኪሎች ሞቱ አምስት ቆሰሉ፣ ከዘራፊዎቹ አንዱን ገና መጀመሪያ ላይ ያገኘችው የ9 ሚሊ ጥይት ልቡ ጋ ሳትደርስ ቆማ ሰውየው ቆስሎም መተኮሱን ቀጠለ። ከዛ ወዲህ ኤፍ ቢ አይ አንድ ጥይት የሰው ስጋን በሚመስል ጄል ሲሞከር ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይግባ ይላል። ትንንሾቹ ጥይቶች በተለይ ጫፋቸው ተከፍቶ እንዲሰፋ ተደርገው የተሰሩት ከሆኑ ብዙ ጊዜ እዛ አይደርሱም፣ ለዛ ነው 25 እና 32 የሚይዙ ሰዎች ተራውን ድፍን ጥይት የሚመርጡት።

እና ደካማ ናት ስል መጫወቻ ናት ማለቴ አይደለም! በ1914 ሳራዬቮ ላይ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ የተገደለው በብራውኒንግ 380 ኪስ ሽጉጥ ነው፣ አንደኛው የአለም ጦርነት የተነሳው በዛች ጥይት ሰበብ ነው። ትንሽ ጥይት ይገድላል፣ ግን አንዳንዴ ከሰአታት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ነው የሚገድለው፣ እናንተ የፈለጋችሁት ደሞ ሰውየው እንዲሞት ሳይሆን አሁኑኑ እንዲያቆም ነው፣ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ትንሿን ሽጉጥ የሚደግፉ ሰዎች አንድ ጥሩ መከራከሪያ አላቸው፣ ቤት የተቀመጠ ትልቅ ሽጉጥ መንገድ ላይ አይረዳህም፣ ኪስህ ያለችው ግን ትረዳሃለች ይላሉ። እውነት ነው። ሌላም ይጨምራሉ፣ አብዛኛው ሌባ ሽጉጥ ሲያይ ወይ የመጀመሪያዋን ጥይት ሲሰማ ይሮጣል እንጂ ካሊበሩን አይጠይቅም። እሱም እውነት ነው። እኔ የምከራከረው ቀጥሎ ባለው ላይ ነው፣ የማይሮጠው ሲያጋጥም፣ እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ፣ በጨለማ፣ በሁለት ሰከንድ ውስጥ፣ የመኪና ወንበር ላይ ቀበቶ ታስራችሁ ሽጉጧን አውጥታችሁ መምታት ትችላላችሁ ወይ? ትንሽ ሽጉጥ እጀታዋ ላይ የሚገቡት ሁለት ጣቶች ናቸው፣ ትንሿ ጣት አየር ላይ ትቀራለች፣ ማነጣጠሪያዋ ብዙ ጊዜ ብረቱ ላይ የተፈለፈለች ጭረት ናት ማለት ይቻላል፣ አፈሙዟ አጭር ስለሆነ እጅ በትንሹ ሲዛነፍ ጥይቱ በብዙ ይዛነፋል። ልምድ ያለው ሰው በ5 ሜትር ጥሩ ይመታባታል፣ ልምድ የሌለው ሰው ግን ትልቅ ሽጉጥ ይሻለዋል፣ ሱቅ ውስጥ ግን የሚደረገው ተቃራኒው ነው፣ ጀማሪ ሲገባ ትንሿን ነው የሚያወጡለት።

በተለይ ሴቶች ላይ ይሄ ነገር ያናድደኛል። አንዲት እህት ሱቅ ስትገባ ሻጩ ቶሎ ብሎ ትንሿን፣ እንደውም ሮዝ ቀለም የተቀባችውን ያነሳላታል፣ እጇ ትንሽ ስለሆነ ይመቻታል በሚል። ግን ብዙዎቹ ትንንሽ ሽጉጦች ለማቀባበል ከትልቆቹ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃሉ፣ አሰራራቸው ቀላል ስለሆነ የጥይቱን ግፊት የሚቋቋመው የላይኛው ብረት ክብደትና ስፕሪንጉ ብቻ ነው፣ ብረቱ ትንሽ ከሆነ ስፕሪንጉ መጠንከር አለበት፣ የሚያዝበት ቦታ ደሞ ጠባብ ነው። 380ዎቹ ላይ ሲደርስ ሌላም አለ፣ 270 ግራም የማትሞላ ሽጉጥ 380 ስትተኩስ መዳፍ ላይ የምታሳርፈው ምት ደስ አይልም፣ አንድ ካርታ ጨርሶ ሁለተኛውን መተኮስ የማይፈልግ ሰው ብዙ ነው፣ የማይወዱትን ሽጉጥ ደሞ ማን ይለማመድበታል።

አስተማማኝነቷም ያው ነው። 22 ጥይት ሲቀጣጠል የሚመታው የቀለሁ ጠርዝ ነው እንጂ መሀሉ አይደለም፣ የሚያቀጣጥለው ነገር ጠርዙ ውስጥ ዙሪያውን እኩል ካልደረሰ ጥይቱ ይከሽፋል፣ ዒላማ ሲለማመዱ ሲከሽፍ ይሳቃል፣ መንገድ ላይ ሲሆን አያስቅም። 32 ላይ ደሞ የቀለሁ መቀመጫ ትንሽ ጠርዝ አለው፣ በካርታው ውስጥ የላይኛው ጥይት ጠርዝ ከታችኛው ኋላ ከገባ ይጠላለፉና ሽጉጡ ይቀረቀራል፣ በእጅ ቶሎ የሚፈታ አይነት አይደለም። ከዛ የኪስ ቆሻሻ አለ፣ የሱሪ ክር፣ አቧራ፣ ሳንቲም። ኪስ ውስጥ የምትያዝ ሽጉጥ ቃታዋን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ሆልስተር የሚባል ማስቀመጫ ያስፈልጋታል፣ በዛ ኪስ ውስጥም ሌላ ምንም ነገር አይገባም፣ ቁልፍም ስልክም። ከነዚህ ሽጉጦች ብዙዎቹ በእጅ የሚቆለፍ ሴፍቲ የላቸውም፣ የሚጠብቃችሁ የቃታው ርዝመትና ሆልስተሩ ብቻ ነው።

ዋጋው ላይ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ሽጉጧ ከ250 እስከ 450 ዶላር ልትገኝ ትችላለች፣ ርካሽ ይመስላል፣ ግን 25 እና 32 ጥይት የሚያመርተው ጥቂት ስለሆነ ከ9 ሚሊ ይወደዳል፣ ሁሉም ሱቅም አይገኝም። ስለዚ ለመለማመድ በጣም የሚከብደው ሽጉጥ ለመለማመድ በጣም የሚወደደውን ጥይት ነው የሚበላው ማለት ነው፣ 22 ብቻ ናት ከዚህ የምትወጣው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ትንሿ ካሊበር የተፈጠረችበት ምክንያት ራሱ ጠፍቷል። ድሮ ኪስ የምትገባ ከፈለግክ 25 ወይ 32 መውሰድ ነበረብህ፣ ከዛ በላይ ያለው ትልቅ ነው። ሩገር ኤልሲፒ በ2008 ስትመጣ 380 ጥይት በዛችው መጠን ገባች፣ 6 ጥይት ካርታዋ ላይ፣ በጣም ተሸጠች። በ2018 ደሞ ሲግ ፒ 365 መጣች፣ ኪስ ላይ ትንሽ ትከብዳለች፣ 500 ግራም ገደማ ናት፣ ግን 10 የ9 ሚሊ ጥይት በካርታ ትይዛለች፣ ከዛ በኋላ ሁሉም ፋብሪካ ተከተላት። ኤልሲፒ ማክስ የምትባለው የ2021ዷ ደሞ 300 ግራም ሆና 10 የ380 ጥይት ትይዛለች። እነዚህ ባሉበት 25 መግዛት ለኔ ሂሳቡ አይመጣልኝም።

የሚያዋጣቸው ሰዎች አሉ ግን። አርትራይተስ ያለባቸው፣ ጣታቸው የደከመ፣ ጠንካራ ስፕሪንግ መሳብ የማይችሉ ትልልቅ ሰዎች። ቤሬታ ቦብካት የምትባል 22 አለች፣ አፈሙዟ ከኋላ በኩል ተነስቶ ይከፈትና ጥይቷን በእጅ ታስቀምጥላታለህ፣ ማቀባበል የለም። ጉዳቷ፣ የከሸፈ ጥይት ስቦ የሚያወጣ ክፍል ስለሌላት ሲከሽፍባችሁ አፈሙዙን ከፍቶ በጥፍር መልቀም ነው። ሩገር ኤልሲአር በ22 ካሊበር 8 ጥይት የሚጎርስ ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚሽከረከር ክብ ውስጥ የሚገባ ሽጉጥ) ነው፣ ጥይት ቢከሽፍ ቃታውን ደግሞ መሳብ በቃ ቀጣዩ ይመጣል፣ ግን ቃታው ራሱ ከባድ ነውና የጣት ጉልበት ይጠይቃል። ሌላው ስራው ቀጭን ልብስ የሚያስለብሰው፣ ከ200 ግራም በላይ መያዝ የማይችል ሰው ነው፣ ለሱ ፒ 32 ትሻለዋለች፣ እጅ ላይ ከ380ዎቹ በጣም ትለሰልሳለች። ለነዚህ ሰዎች ትንሿ ሽጉጥ ባዶ እጅ ከመሆን ትሻላለች፣ ለተቀረነው አይመስለኝም።

ይሄን ሁሉ ከማውራታችን በፊት ግን መያዝ ይፈቀድላችኋል ወይ? አሜሪካ ሽጉጥ እንደ ዳቦ ይሸጣል የሚባለው ወሬ ብዙ ሰው አስበልቷል። በፌደራል ህግ በቱሪስት፣ በተማሪ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ሁኔታ ካልኖረው በቀር ሽጉጥ መግዛት ቀርቶ እጁ ላይ መገኘት የለበትም። ግሪን ካርድ ያለው ይችላል፣ አሳይለም ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ግን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክር እንዳይነካ፣ ተኩስ መለማመጃ ሄዶ በኪራይም ቢሆን። በቤት ውስጥ ፀብ፣ ቀላል በሚባለው ክስም ቢሆን፣ ሚስቱን በመምታት ጥፋተኛ የተባለ ሰው አይችልም። ሱቅ ውስጥ የሚሞላው 4473 የሚባለው ፎርም ስለ ማሪዋናም ይጠይቃል፣ ስቴቱ ቢፈቅደውም የፌደራሉ አይፈቅድም፣ ፎርሙ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። እና እባካችሁ፣ ለጓደኛ ወይ ለዘመድ "በስምህ ግዛልኝ" ሲባል እሺ አትበሉ፣ መግዛት ለማይችል ሰው በራስ ስም መግዛት ከ2022 ወዲህ እስከ 15 ዓመት ያስፈርዳል። ዜጋ ላልሆነ ሰው ደሞ ከእስሩ የሚብሰው ሌላ ነው፣ በሽጉጥ ህግ ጥሰት ጥፋተኛ መባል ግሪን ካርድ እያለህም ለዲፖርቴሽን ይዳርጋል።

ስቴቱ ላይ ስትመጡ ነገሩ ይወሳሰባል። ቴክሳስ ከ2021፣ ጆርጂያ ከ2022 ጀምሮ የተለየ ፈቃድ ሳያስፈልግ መያዝ ፈቅደዋል፣ ዳላስና አትላንታ ያለው ሰው ቀሎታል። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለነው ግን ሶስት አገር ውስጥ እንደምንኖር ቁጠሩት። ቨርጂኒያ ደብቆ ለመያዝ ስልጠና ወስደህ ከአካባቢህ ፍርድ ቤት ፈቃድ ታወጣለህ። ሜሪላንድ ገና ለመግዛት አሻራ መስጠትና የ4 ሰአት ስልጠና ይፈልጋል፣ ከዛ 7 ቀን መጠበቅ አለ፣ ይዞ ለመውጣት ደሞ ሌላ የ16 ሰአት ስልጠና። ዲሲ ሽጉጡ ራሱ ፖሊስ ጋ መመዝገብ አለበት፣ ለመያዝ ደሞ 16 ሰአት ክፍል ውስጥ 2 ሰአት ተኩስ ላይ። እና ዲሲም ሜሪላንድም የቨርጂኒያን ፈቃድ እንደሌለ ነው የሚቆጥሩት። ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ ሰው ጭነህ ድልድዩን ተሻግረህ ዲሲ ስትገባ ቅድም ህጋዊ የነበረችው ኪስህ ውስጥ ያለች ሽጉጥ እዛው ድልድዩ ላይ ወንጀል ሆነች ማለት ነው፣ ዲሲ ውስጥ ያለ ፈቃድ መያዝ እስከ 5 ዓመት ነው። ቅድም ትረሳለች ያልኩት እዚህ ጋ ነው የሚመጣው፣ ኪስ ውስጥ መኖሯን ረስቶ የሚሻገር ሰው አለ።

ለሾፌሮች ከዛም በላይ ኡበርና ሊፍት የሚባሉት ድርጅቶች ራሳቸው ይከለክላሉ፣ ኡበር ከ2015 ጀምሮ ተሳፋሪም ሾፌርም ሽጉጥ ይዞ መኪና ውስጥ እንዳይገኝ ብሏል፣ የስቴት ፈቃድ ቢኖርህም ከታወቀ አካውንትህ ይዘጋል። ስለዚ ኡበር ነድቶ ለሚያድር ሰው "የትኛው ካሊበር" የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው አይነሳም፣ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም የሚቀርፅ ካሜራ፣ በር ቆልፎ መጠበቅ፣ ስልኩ ላይ ካለው የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ጋር መለማመድ፣ ፔፐር ስፕሬይ፣ እነዚህ ናቸው የሱ መሳሪያ። ምሽት ምግብ ቤትና ላውንጅ ለሚያዘወትር ደሞ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ ኖሮህ ሽጉጥ ደብቀህ ይዘህ መጠጥ ቤት ውስጥ አልኮል መጠጣት ክልክል ነው፣ አንድ ቢራም ቢሆን።

ቤት ውስጥ ያለው ነገር አጭር ነው ግን ከሁሉም የሚከብደው ነው። ትንሽ ሽጉጥ ቦርሳ ውስጥ፣ ትራስ ስር፣ መኪና ኪስ ውስጥ ነው የምትቀመጠው፣ ህፃን እጅ ላይ ደሞ ልክ መጫወቻ ትመስላለች። ሱቁ ሽጉጥ ሲሸጥ መቆለፊያ አብሮ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ ተቀበሉና ተጠቀሙበት፣ ከተቻለ ትንሽ የብረት ሳጥን ግዙ፣ መኪና ውስጥ ጥሎ ማደር ደሞ ለሌባ መስጠት ነው። አሜሪካ ውስጥ በመሳሪያ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን ያጠፋ ነው። ቤት ውስጥ የከፋው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ብቻዬን ነኝ የሚል ሰው ካለ፣ እናንተም ራሳችሁ ከሆናችሁ፣ ሽጉጡ ከቤት ይውጣ፣ 988 የሚባለው ራስን ማጥፋት ለሚያስብ ሰው የሚረዳ ስልክ ደሞ በማንኛውም ሰአት ይደወላል።

እሺ ህጉም ቤቱም ይፈቅዳል ከተባለ ሳትሞክሩ አትግዙ፣ የሚያከራዩ መለማመጃ ቦታዎች አሉ። አስተማሪ ይዛችሁ ትንሿንና መካከለኛዋን 9 ሚሊ በተመሳሳይ ርቀት፣ 5 ሜትር በቂ ነው፣ በተራ ተኩሱና ወረቀቱን ጎን ለጎን አስቀምጡት። አብዛኛው ሰው ወረቀቱን ሲያይ ሃሳቡን ይቀይራል። ከገዛችሁ በኋላም ኪስ ከመክተታችሁ በፊት የምትይዙትን አይነት ጥይት ቢያንስ 100 ያህል ተኩሱባት፣ ተቀርቅራ የምታስቸግር ከሆነ ያኔውኑ ይታወቃል።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ሀበሻ ውስጥ ትንሿ ሽጉጥ ብዙ ጊዜ የምትመጣው ከሱቅ ሳይሆን "አንዲት 25 አለችኝ በ100 ዶላር ውሰዳት" ከሚል ሰው ነው። በ1968 የወጣው ህግ ርካሽ ትንንሽ ሽጉጥ ከውጭ እንዳይገባ ሲያጠብቅ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ያሉ ፋብሪካዎች ከዚንክ ቅልቅል እያቀለጡ እነዚህን መስራት ያዙ፣ ሬቨን፣ ጄኒንግስ፣ ሎርሲን የሚባሉት ናቸው፣ ፋብሪካዎቹ ተዘግተዋል፣ መለዋወጫ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፣ አንዳንዶቹ አፈሙዝ ውስጥ ጥይት ኖሯቸው ከወደቁ ሊተኩሱ ይችላሉ። ህጉ ደሞ ቨርጂኒያ በ2020 በግለሰቦች መሀል የሚደረግ ሽያጭም በሱቅ በኩል እንዲጣራ የሚያስገድድ ህግ አውጥቷል፣ ሻጩ ሜሪላንድ ገዢው ቨርጂኒያ ከሆነ ደሞ በፌደራል ህግ ፈቃድ ባለው ሱቅ በኩል ካልሆነ አይቻልም። ስለዚ ሰውየውን "ነገ ሱቅ እንገናኝና እዛ ይመዝገብልኝ" በሉት፣ አይ ካለ ወይ ሰበብ ካበዛ በ10 ዶላርም ቢሆን አትውሰዷት፣ ከናንተ በፊት በማን እጅ ምን እንደተሰራባት አታውቁም።